ቀለሙን ከኮዱ ማውጣት፦ በራሳችን በሠራነው የአንድሮይድ ዊጀት ላይ የስታይል አትሪቢዩት አጨማመር

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዲት ሱቅ አለች። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት የብረት መዝጊያው ሲነሣ ፀሐዩ በቀጥታ ባንኮኒው ላይ ያርፋል። ባለ ሱቋ የዱቤ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ስልክ እንዲያዛውሩ አፕ ሠርቼላቸው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ስልኩን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው መዳፋቸው ጥላ ሠርተውለት አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ስሙን አየዋለሁ፤ ብሩ ግን አይታየኝም» አሉኝ።

ብሩን የጻፍኩት በፈዛዛ ግራጫ ነበር፤ የቀለሙ ቁጥር #999999። ይህ ቀለም ነጭ ላይ ሲቀመጥ ኮንትራስቱ (ጽሑፉ ከጀርባው ጎልቶ የሚለይበት መጠን) 2.85 ለ 1 ገደማ ነው። የታወቀው የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ለ 1 ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ይጠፋል። «እትዬ፣ ማታ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ሄድኩ። ማታ የዱቤ ካርዱን፣ ማለትም የአንድ ደንበኛን ዱቤ የሚያሳየውን የስክሪን ክፍል (ዊጀት)፣ የሠራሁበትን የኮትሊን ፋይል ከፈትኩና #999999 የሚለውን #333333 አደረግኩት። ነጭ ላይ 12.6 ለ 1፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማግሥቱ ግን የወር ማጠቃለያው ስክሪን ላይ ብሩ ጭራሽ ጠፋ። የዚያ ስክሪን ጀርባ #121212 ነው፣ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው፤ ጥቁር ግራጫ እዚያ ላይ ሲወድቅ 1.5 ለ 1 እንኳ አይሞላም። አንዱ ካርድ ስድስት ስክሪን ላይ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ግን ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ተቀብሯል። አንዱን ስክሪን ሳስተካክል ሌላውን አበላሸሁ።

የዚህ ዓይነት ችግር መፍትሔው የስታይል አትሪቢዩት ነው። የካርዱን መልክ የሚወስኑትን ነገሮች ከኮዱ አውጥተን ስም እንሰጣቸዋለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ስክሪን፣ እያንዳንዱ ስታይል (ለአንድ ዊጀት የሚሰጥ የመልክ ምርጫዎች ስብስብ)፣ እያንዳንዱ ቲም (ለሙሉ ስክሪን ወይም ለአፑ የሚሰጥ ስብስብ) የየራሱን መልክ ይሰጣል። ከዚህ በታች ያንኑ የዱቤ ካርድ ይዤ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳያለሁ። ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮዱ ላይ የሚጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ስትነኩ ቀሪውን ራሱ ይጨርስላችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ሁሉ በኤክስኤምኤል ሌይአውት (የስክሪኑን አቀማመጥ በሚገልጽ ፋይል) እና በቪው (ስክሪኑን በሚሠሩት ቁራጮች) ለተሠራ አፕ ነው። በጄትፓክ ኮምፖዝ የምትሠሩ ከሆነ አትሪቢዩት የሚባል ነገር የለም፤ መልኩ ለፈንክሽኑ በፓራሜትር ይሰጣል። ኮምፖዝ 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጀመሩ አፖች የተሠሩት በቪው ስለሆነ ይህ እውቀት ገና ብዙ ያገለግላል።

ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። የኔ ዱቤ ካርድ ሊኒየር ሌይአውትን የወረሰ ክላስ ነው። ውስጡ በግራ ጠርዝ ቀጭን የቀለም መስመር፣ ቀጥሎ የደንበኛው ስም፣ ከሥሩ የመጨረሻው ግብይት ቀን፣ በቀኝ በኩል ያልተከፈለው ብር አለ። ለእያንዳንዱ ነገር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ከስክሪን ስክሪን፣ ወይም ከሱቅ ሱቅ ሊለያይ ይችላል? የብሩ ቀለም ይለያያል። የብሩ ፊደል መጠንም እንዲሁ፤ ዝርዝሩ ላይ መካከለኛ፣ የአንድ ደንበኛ ገጽ ላይ ትልቅ ነው። የጎን መስመሩ ቀለምና ስፋት ይለያያሉ። ቀኑ አንዳንድ ቦታ ይታያል፣ አንዳንድ ቦታ አይታይም።

«ዱቤው ስንት ቀን ሲያልፈው ዘግይቷል ይባላል?» የሚለው ግን መልክ አይደለም፤ የንግዱ ሕግ ነው። እሱን አትሪቢዩት አታድርጉት። ሕጉ ሌይአውት ፋይል ውስጥ ከተደበቀ ነገ ሲቀየር የሚያገኘው የለም። አትሪቢዩት ማብዛትም ጥሩ አይደለም። እኔ በአምስት ጀመርኩ፤ ስድስተኛ የሚያስፈልግ ሲመጣ ያኔ እጨምራለሁ።

ደረጃ 1፦ ስሞቹን ማስመዝገብ

«ሬስ» ፎልደር ውስጥ «ቫሊዩስ» አለ። እሱ ውስጥ «አትርስ» የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ፍጠሩ። የፋይሉ ስም በልማድ የተያዘ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ግን ሌላ ሰው ሲመጣ በቀላሉ እንዲያገኘው ልማዱን ጠብቁ። ውስጡ እንዲህ ይሆናል፦

<ዲክሌር-ስታይለብል ኔም="ዱቤካርድ">
    <አትር ኔም="ዱቤ_ብር_ቀለም" ፎርማት="ከለር" />
    <አትር ኔም="ዱቤ_ብር_ፊደል" ፎርማት="ዳይሜንሽን" />
    <አትር ኔም="ዱቤ_ጎን_ቀለም" ፎርማት="ከለር" />
    <አትር ኔም="ዱቤ_ጎን_ስፋት" ፎርማት="ዳይሜንሽን" />
    <አትር ኔም="ዱቤ_ቀን_ይታይ" ፎርማት="ቡሊያን" />
</ዲክሌር-ስታይለብል>

የላይኛው ስም ከክላሱ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ሌይአውት ስትጽፉ አትሪቢዩቶቹን የሚያቀርብላችሁ በዚህ ስም አገናኝቶ ነው። ፎርማቱ እሴቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል፦ ከለር ለቀለም፣ ዳይሜንሽን ለርዝመትና ለፊደል መጠን፣ ቡሊያን ለአዎ ወይም አይ፣ ስትሪንግ ለጽሑፍ፣ ኢንቲጀር ለሙሉ ቁጥር፣ ሬፈረንስ ወደ ሌላ ሪሶርስ ለመጠቆም፣ ኢነም ከተወሰኑ ምርጫዎች አንዱን ለመምረጥ። ሁለት ዓይነት መቀበል ካስፈለገ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር | ይደረጋል።

እያንዳንዱን ስም «ዱቤ» ብዬ የጀመርኩት በምክንያት ነው። የአትሪቢዩት ስም የክላሱ የግል ንብረት አይደለም፤ የጠቅላላው አፕ ነው፣ ከጨመራችኋቸው ላይብረሪዎች ጋር ጭምር። ቀደም ባለ አንድ ሥራዬ ላይ አንዱን በደፈናው «የጎን ቀለም» ብዬው ነበር። በኋላ የጨመርኩት ላይብረሪ ያንኑ ስም በሌላ ፎርማት ይጠቀምበት ኖሮ ቢልዱ ወደቀ። የወጣው መልእክት «ድግግሞሽ አለ» ከማለት በቀር የኔን ፋይል በቅጡ ስለማይጠቁም ፍለጋው ረጅም ሰዓት ወሰደ። ሁለት የራሳችሁ ዊጀቶች አንድ አትሪቢዩት የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ፎርማቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዲክሌር-ስታይለብሉ ውጪ ጻፉት፤ ውስጥ ስሙን ያለ ፎርማት ጥሩት። የአንድሮይድን የራሱን አትሪቢዩት፣ ለምሳሌ ቴክስት የሚለውን፣ መዋስ ከፈለጋችሁም እንዲሁ «አንድሮይድ፦ቴክስት» ብላችሁ ያለ ፎርማት አስገቡ። ያለውን ስም መዋስ አዲስ ከመፍጠር ይሻላል፤ ሌይአውቱን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል።

ደረጃ 2፦ ኮንስትራክተሩ

ሌይአውት ፋይል ሲከፈት አንድሮይድ እያንዳንዱን ቪው የሚፈጥረው ሁለት ነገር ብቻ በሚቀበለው ኮንስትራክተር ነው፤ ኮንቴክስትና አትሪቢዩትሴት (ሌይአውቱ ላይ የተጻፉት አትሪቢዩቶች)። በኮትሊን አራቱንም ፓራሜትር በአንድ ጽፈን ዲፎልት ከሰጠናቸው «ጄቪኤም ኦቨርሎድስ» የሚለውን አኖቴሽን ከፊቱ ማድረግ የግድ ነው። እሱ ከሌለ ኮዱ ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል፣ ስክሪኑ ሲከፈት ግን አፑ ይዘጋል፤ የሚፈለገው ባለ ሁለት ፓራሜትር ኮንስትራክተር አልተፈጠረምና።

ክላስ ዱቤካርድ @ጄቪኤምኦቨርሎድስ ኮንስትራክተር(
    ኮንቴክስት፣
    አትርስ = ነል፣
    ዴፍስታይልአትር = አር.አትር.ዱቤ_ካርድ_ስታይል፣
    ዴፍስታይልሬስ = አር.ስታይል.ዊጀት_ዱቤ_ካርድ
) ፦ ሊኒየርሌይአውት(ኮንቴክስት፣ አትርስ፣ ዴፍስታይልአትር፣ ዴፍስታይልሬስ)

ባለ አራት ፓራሜትሩ ኮንስትራክተር ከኤፒአይ 21፣ ማለትም ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ያለ ነው። ሦስተኛው ፓራሜትር ቲሙ ለካርዱ ስታይል የሚሰጥበት አትሪቢዩት ነው፤ አራተኛው ቲሙ ካልሰጠ የሚያገለግል መነሻ ስታይል። የሚጠሯቸውን ስሞች ገና አልፈጠርናቸውም፤ ደረጃ 5 ላይ እንደርስባቸዋለን። እስከዚያ አንድሮይድ ስቱዲዮ በቀይ ቢያሰምርባቸው አትደንግጡ።

ሊኒየር ሌይአውትን ሳይሆን በተንን ወይም ኤዲትቴክስትን የምትወርሱ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። በተን የራሱ ዴፍስታይልአትር አለው። ለሦስተኛው ፓራሜትር 0 ዲፎልት ሰጥታችሁ ወደ ላይ ካሳለፋችሁት በተኑ ጀርባውንም ፓዲንጉንም ያጣል፤ ሲነኩት የሚያሳየው ምላሽ እንኳ ይጠፋል። መልኩ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። እዚያ ቦታ መጻፍ ያለበት የወላጁ፣ «በተንስታይል» የሚለው አትሪቢዩት ነው።

ደረጃ 3፦ እሴቶቹን ማንበብ

በክላሱ ኢኒት ብሎክ ውስጥ መጀመሪያ የካርዱን ውስጥ ሌይአውት ክፈቱ፤ ከዚያ አንብቡ፦

ኮንቴክስት.ዊዝስታይልድአትሪቢዩትስ(
    አትርስ፣ አር.ስታይለብል.ዱቤካርድ፣ ዴፍስታይልአትር፣ ዴፍስታይልሬስ
) {
    ብሩ.ሴትቴክስትከለር(
        ጌትከለር(አር.ስታይለብል.ዱቤካርድ_ዱቤ_ብር_ቀለም፣ መጠባበቂያቀለም))
    ቀኑ.ኢዝቪዚብል =
        ጌትቡሊያን(አር.ስታይለብል.ዱቤካርድ_ዱቤ_ቀን_ይታይ፣ ትሩ)
}

ይህ አጭር መንገድ ከአንድሮይድኤክስ ኮር ኬቲኤክስ የሚመጣ ነው። በጃቫ የምትሠሩ ከሆነ «ኦብቴን ስታይልድ አትሪቢዩትስ» ጠርታችሁ የሚመልሰውን ታይፕድአሬይ ካነበባችሁ በኋላ «ሪሳይክል» ማለት አለባችሁ፤ ታይፕድአሬይ ተመላሽ ዕቃ ነው፣ ተበድረን የምንመልሰው። የኮትሊኑ መንገድ ራሱ ይመልሰዋል።

አራቱም ነገሮች እዚህ መግባት አለባቸው። ብዙ ሰው «አትርስ» እና ስታይለብሉን ብቻ ሰጥቶ ያቆማል። ያኔ ሌይአውቱ ላይ የተጻፈው ይነበባል፣ ኮንስትራክተሩ ላይ በዲፎልት ያስቀመጣችሁት ስታይል ግን ለእነዚህ አትሪቢዩቶች አይደርስም። ስህተት አይወጣም፣ ቢልዱም አይወድቅም፤ ዝም ብሎ አይሠራም።

የፊደል መጠኑ ለብቻው መታየት አለበት፤ እኔም የወደቅሁበት ቦታ ነው። «ጌት ዳይሜንሽን» የሚመልሰው በፒክስል ነው፤ ኤክስኤምኤሉ ላይ 18 ኤስፒ (የፊደል መጠን መለኪያ፤ የርዝመቱ ዲፒ ይባላል) ብትጽፉም ተሰልቶ የሚመጣው ፒክስል ነው። የቴክስትቪው «ሴት ቴክስት ሳይዝ» ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ሲሰጠው ቁጥሩን ኤስፒ ነው ብሎ ይወስደዋል። 320 ዲፒአይ ስክሪን ያለው ስልክ ላይ፣ የፊደል መጠን ቅንብሩ ካልተነካ፣ 18 ኤስፒ 36 ፒክስል ነው። ያንን 36 መልሳችሁ ስትሰጡት 36 ኤስፒ ነው ብሎ 72 ፒክስል ያደርገዋል። የባለ ሱቋ ካርድ ላይ «1,250 ብር» የሚለው ስሙን ገፍቶ ከስክሪኑ ያስወጣው በዚህ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ መጀመሪያ መለኪያውን መንገር ነው፦

ብሩ.ሴትቴክስትሳይዝ(ታይፕድቫሊዩ.ኮምፕሌክስ_ዩኒት_ፒኤክስ፣ መጠኑ)

ለጎን መስመሩ ስፋት «ጌት ዳይሜንሽን ፒክስል ሳይዝ» ይሻላል። ሙሉ ቁጥር ይመልሳል፣ ዜሮ ያልሆነ ቀጭን መስመርም ቢያንስ 1 ፒክስል ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል። «ፒክስል ኦፍሴት» የሚለው ወንድሙ ግን ክፍልፋዩን ይቆርጠዋል፤ ቀጭን መስመር ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላል።

ካርዱን በቴክስትቪው ሳይሆን በ«ኦንድሮው» ራሳችሁ የምትስሉት ከሆነ አትሪቢዩቶቹን አንድ ጊዜ ኮንስትራክተሩ ላይ አንብባችሁ ፔይንቱ ላይ አስቀምጡ። ኦንድሮው ካርዱ እንደገና መሳል ባስፈለገው ቁጥር ይጠራል፤ እዚያ ውስጥ ማንበብም አዲስ ፔይንት መፍጠርም ርካሽ ስልኮችን ያንቀረፍፋል። የአካባቢያችን ሱቆች የሚጠቀሙት ደግሞ እነዚያን ስልኮች ነው።

ደረጃ 4፦ ሌይአውት ላይ መጠቀም

የሌይአውቱ ዋና መለያ ላይ «አፕ» የሚለውን ኔምስፔስ አስገቡ፤ አድራሻው «ሬስ-አውቶ» ብሎ የሚያልቀው ነው። ከዚያ የራሳችሁን አትሪቢዩት በ«አፕ፦»፣ የአንድሮይድን በ«አንድሮይድ፦» ትጽፋላችሁ።

<ዱቤካርድ
    አንድሮይድ፦ሌይአውት_ዊድዝ="ማች_ፓረንት"
    አንድሮይድ፦ሌይአውት_ሃይት="ራፕ_ኮንተንት"
    አፕ፦ዱቤ_ብር_ቀለም="@ከለር/ዱቤ_ያለፈበት"
    አፕ፦ዱቤ_ቀን_ይታይ="ፎልስ" />

የክላሱ ስም ከነሙሉ ፓኬጁ መጻፍ አለበት፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ። ቀለሙን በቁጥር ሳይሆን በስም መጥራቴን ተመልከቱ። ስሙም «ቀይ» አይደለም፣ «ያለፈበት» ነው። ስልኩ በብርሃን ገጽታ ላይ ሲሆን #990000 ነው፤ ነጭ ላይ ከ8 ለ 1 በላይ ኮንትራስት አለው። ጨለማ ጀርባ ላይ ግን 2 ለ 1 ገደማ ብቻ ስለሚሆን «ቫሊዩስ-ናይት» ፎልደር (ስልኩ በጨለማ ገጽታ ላይ ሲሆን የሚነበበው) ውስጥ በዚያው ስም ፈካ ያለ ቀይ አስቀምጫለሁ። «ቀይ» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ባለ ሱቅ ብርቱካናማ ይሁንልኝ ሲል ስሙ ውሸት ይሆን ነበር።

ደረጃ 5፦ ስታይሉና ቲሙ

በየሌይአውቱ አምስት መስመር መደጋገም ኮዱ ውስጥ ከመቅበር ብዙም አይሻልም። ስለዚህ መነሻ ስታይል እንሠራለን፦

<ስታይል ኔም="ዊጀት.ዱቤ.ካርድ" ፓረንት="">
    <አይተም ኔም="ዱቤ_ብር_ቀለም">@ከለር/ዱቤ_መደበኛ</አይተም>
    <አይተም ኔም="ዱቤ_ብር_ፊደል">18ኤስፒ</አይተም>
    <አይተም ኔም="ዱቤ_ጎን_ስፋት">4ዲፒ</አይተም>
    <አይተም ኔም="አንድሮይድ፦ፓዲንግ">12ዲፒ</አይተም>
</ስታይል>

እዚህ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ሰው ያደክማሉ። ስታይል ውስጥ የራሳችሁ አትሪቢዩት «አፕ፦» አይጻፍበትም፣ ባዶ ስሙን ነው፤ የአንድሮይዱ ግን «አንድሮይድ፦» ይዞ ይቀጥላል። ሌይአውት ላይ ስታይሉን ስትጠሩ ደግሞ «ስታይል=» ብቻ ነው፣ ከፊቱ ምንም የለም። ፓረንቱን ባዶ ጥቅስ ያደረግኩት ደግሞ ነጥብ ያለው ስም ወላጁን ከስሙ ስለሚያወጣ ነው፦ «ዊጀት.ዱቤ.ካርድ» ዝም ከተባለ «ዊጀት.ዱቤ» የሚባል ስታይል ይፈልጋል፣ ስለሌለም ቢልዱ ይወድቃል። በሌላ በኩል «ዊጀት.ዱቤ.ካርድ.ጨለማ» ብላችሁ አዲስ ስትጽፉ ያለ ምንም ፓረንት ከካርዱ ይወርሳል። ፓረንት በግልጽ ከተጻፈ ግን ነጥቡ ለውርስ አይቆጠርም፤ የተጻፈው ያሸንፋል።

አሁን ለቲሙ በር እንክፈት። አትርስ ፋይል ውስጥ፣ ከዲክሌር-ስታይለብሉ ውጪ፣ «ዱቤ_ካርድ_ስታይል» የሚል አትሪቢዩት በሬፈረንስ ፎርማት ጨምሩ። የአፑ ቲም ውስጥ ይህንን አትሪቢዩት ወደ «ዊጀት.ዱቤ.ካርድ» ጠቁሙት። ኮንስትራክተሩ ላይ በቀይ የተሰመረው አሁን ይጠራል፤ በኮድ ሲጠሩ የስታይሉ ስም ነጥቦች ወደ ታች ሰረዝ እንደሚቀየሩ አስታውሱ።

በስታይልና በቲም መካከል ያለውን ልዩነት እዚህ ላይ መያዝ ይበጃል። ስታይል የተሰጠው ቪው ላይ ያበቃል፣ ለልጆቹ አይወርድም። ዱቤ ካርዱ ላይ በስታይል «አንድሮይድ፦ቴክስትከለር» ብትጽፉ ምንም አይሆንም፤ ሊኒየር ሌይአውት የሚጽፈው ጽሑፍ የለውም፣ ውስጡ ያሉት ቴክስትቪዎችም አይሰሙትም። «ዱቤ_ብር_ቀለም» የሚል የራሳችን አትሪቢዩት ፈጥረን በእጃችን ወደ ውስጥ ያሳለፍነው ለዚሁ ነው። ቲም ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የወር ማጠቃለያውን ስክሪን ያዳነልኝም ይኸው ነው፦ «ቲምኦቨርሌይ.ዱቤ.ጨለማ» የሚል አንድ አይተም ብቻ ያለው ቲም ጻፍኩ፤ አይተሙ «ዱቤ_ካርድ_ስታይል»ን ወደ ጨለማው ስታይል ይጠቁማል። ከዚያ የዚያን ስክሪን የላይኛውን ሌይአውት «አንድሮይድ፦ቲም» ብዬ ወደሱ አመለከትኩት። ውስጡ ያሉት ካርዶች በሙሉ መልካቸውን ቀየሩ፣ አንዱንም ካርድ ሳልነካ።

ማን ይቀድማል?

አንድሮይድ የአንድ አትሪቢዩት እሴት ሲፈልግ ከቅርቡ ይጀምራል። መጀመሪያ ሌይአውቱ ላይ፣ እዚያው ካርዱ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ካለ እሱን ይወስዳል። ከሌለ «ስታይል=» ብለን የሰጠነው ውስጥ ይገባል። እዚያም ካጣ ቲሙ በዴፍስታይልአትር በኩል ወደ ጠቆመው ስታይል ይሄዳል። ቲሙ ምንም ካልጠቆመ፣ ወይም ለዴፍስታይልአትር 0 ከተሰጠ፣ ያኔ ዴፍስታይልሬስን ይከፍታል። በመጨረሻ ቲሙ ራሱ ላይ በዚያው ስም የተጻፈ እሴት ካለ ያነሣል። ይህም ባዶ ከሆነ ኮዱ ውስጥ ያስቀመጥነው መጠባበቂያ ይሠራል።

አራተኛው ላይ ያለውን «ወይም» ደግማችሁ አንብቡት። ዴፍስታይልሬስ የጎደለውን አንድ በአንድ የሚሞላ አይደለም። ቲሙ ወደ አንድ ስታይል ከጠቆመ፣ ያ ስታይል ግማሹን ብቻ ቢይዝም፣ ዴፍስታይልሬስ ጨርሶ አይከፈትም። እኔ የጨለማውን ስታይል መጀመሪያ ስጽፍ ያለ ወላጅ፣ የብሩን ቀለም ብቻ አድርጌ ነበር፤ «ሌላው ከመነሻው ይመጣል» በሚል እምነት። ቀለሙ ተስተካከለ፣ የጎን መስመሩ ግን ጠፋ፤ ስፋቱ ኮዱ ውስጥ ወዳለው መጠባበቂያ፣ ወደ 0 ወርዶ ነበር። ሙሉ ቀን የፈለግኩት የስዕል ስህተት ያለ መስሎኝ ነው። መድኃኒቱ ስሙን «ዊጀት.ዱቤ.ካርድ.ጨለማ» አድርጎ ከመነሻው እንዲወርስ ማድረግ ብቻ ነበር። ቲም የሚጠቁመው ማንኛውም የካርድ ስታይል ከመነሻው ይውረስ፤ ይህን እንደ ሕግ ያዙት።

የትኛው ደረጃ እያሸነፈ እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ ለእያንዳንዱ ደረጃ ለጊዜው የተለያየ ደማቅ ቀለም ስጡ፦ ለሌይአውቱ ሰማያዊ፣ ለስታይሉ ቢጫ፣ ለቲሙ አረንጓዴ። አፑን ስትከፍቱት የሚታየው ቀለም መልሱን ይነግራችኋል። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ እየሰረዛችሁ ቀጣዩ ሲወጣ ተመልከቱ። እኔ ቅደም ተከተሉን በደንብ የያዝኩት በዚህ መንገድ ነው።

ካርዱን ከሌይአውት ሳይሆን ከኮድ ስትፈጥሩት ስታይል ለመስጠት ሦስተኛውን ፓራሜትር 0 አድርጋችሁ አራተኛው ላይ ስታይሉን አስገቡ፤ ምክንያቱ ያው የላይኛው ነው። ኮንቴክስቱ ደግሞ የአክቲቪቲው ይሁን። የአፕሊኬሽኑን ኮንቴክስት ከሰጣችሁት የአክቲቪቲው ቲም እዚያ የለም።

ፊደላችን ላይ መሞከር

እዚህ ድረስ ያለው በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። በአማርኛ ስንሠራ የሚጨመር አለ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው «ቴክስት ኦል ካፕስ» ምንም አያደርግም። በላቲን የተሠሩ ዲዛይኖች ርዕስን በትልልቅ ፊደል ያጎላሉ፤ እኛ ይህንን ማድረግ ያለብን በመጠንና በውፍረት ነው። የብሩን ፊደል መጠን አትሪቢዩት ካደረግኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ስታይላችሁ ላይ ያመጣችሁት ፎንት የግእዝ ፊደል ከሌለው አንድሮይድ ዝም ብሎ ከራሱ ፎንት ይተካል። «1,250 ብር» የሚለው ላይ ቁጥሩ በእናንተ ፎንት፣ «ብር» በስልኩ ፎንት ይሆናል፤ ውፍረቱም ቁመቱም አይገጥምም። ፎንቱን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩ። የፊደሎቻችን ቁመት እንዳይቆረጥም የጽሑፉን ከፍታ በተወሰነ ዲፒ አትዝጉት፤ «ራፕ ኮንተንት» ይሁን። ከዚያ የስልኩን የፊደል መጠን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋችሁ ካርዱን ክፈቱ፤ አንድሮይድ 14 ላይ እስከ 200 በመቶ ይደርሳል። የባለ ሱቋ ስልክ ከመደበኛው በሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው፤ እኔ እስከዚያ ድረስ በመደበኛው ብቻ ነበር የምሞክረው።

ሙከራውን በስልክ አድርጉት፣ በኢሙሌተር ብቻ አትተማመኑ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ኢሙሌተር ተሸክሞ ብዙ አይቆይም፤ ስልክ በገመድ ሰክቶ መሥራት ባትሪ ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን ስልኩን ይዛችሁ ደጅ መውጣት ትችላላችሁ። ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ፣ ብሩን በክንድ ርቀት ይዛችሁ አንብቡት። የቀለሙን ስም ወይም መጠኑን ስታይሉ ውስጥ አንድ መስመር ቀይራችሁ ደግማችሁ ጫኑ።

የቀረውን መጥረግ

መጨረሻ ላይ በኮትሊን ፋይሎቻችሁ ውስጥ የቀለም ቁጥር የሚጀምርበትን # እና «ከለር ፓርስ» የሚለውን ፈልጉ። የተገኘውን ሁሉ ወደ ከለር ፋይሉ አዛውሩና በአትሪቢዩት በኩል አምጡት። የኔ ላይ መጀመሪያ 11 ቦታ ተገኘ፤ አሁን አንድም የለም።

ባለፈው ወር ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ ሥጋ ቤት ይኸው አፕ ይሁንልን አለ፤ ብሩ ተለቅ እንዲል፣ ቀኑ ደግሞ እንዳይታይ ፈለጉ። አዲስ ስታይል ጻፍኩ፣ ከ«ዊጀት.ዱቤ.ካርድ» የሚወርስ፣ ሁለት አይተም ያለው፦ የብር ፊደል 24 ኤስፒ፣ ቀን ይታይ ፎልስ። ቲሙ ውስጥ «ዱቤ_ካርድ_ስታይል»ን ወደሱ አዞርኩት። የኮትሊኑን ፋይል አልከፈትኩትም።